ለስኖርክል ጀማሪ የትኛው የማልዲቭስ ሪዞርት ይሻላል?

ጥያቄ፦
እኔና ባለቤቴ ስኖርክል (ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ እየተነፈሱ መዋኘት) ሞክረን አናውቅም። እሷ ዋና ትችላለች። እኔ ግን እግሬ መሬት ካልነካ እደነግጣለሁ። ፎቶ ላይ ሪዞርቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው። በምን ልምረጥ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከክፍሉ በፊት ስለ ሪፉ ጠይቅ፤ ሪፍ ማለት ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ውሃ ውስጥ የሠሩት ዓለት ነው። አንዳንዱ ደሴት ዙሪያው አሸዋ ብቻ ነው። ያምራል፣ ግን ዓሣ ለማየት በጀልባ መሄድ ግድ ይላል። ለጀማሪ ከዳር በእግር የሚገባበት ሪፍ ያለው ነው የሚሻለው። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ውሃው ደረቴ በሚደርስበት ቦታ ነው። ፊቴን ስነክር የራሴ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ልወጣ ስል አንድ ፓሮትፊሽ የሚባል ሰማያዊ ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሰማሁ። ፍርሃቴ እዚያው ለቀቀኝ።

መልስ 2፦
ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን የዋና ማስክ ሳታስረው ፊትህ ላይ አድርገህ በአፍንጫህ አየር ሳብ። ተጣብቆ ከቀረ ልክህ ነው። ላይፍ ጃኬት ደግሞ እባክህ አትተው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ! ሪፉ ጫፍ ላይ ድንገት ይጠልቃል የሚባለውስ?

መልስ 1፦
እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። የባሕሩ ጅረትም እዚያ ይበረታል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫፉ ጋ አትድረስ። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ጅረት ሠራተኞቹን ጠይቅ፣ ብቻህንም አትግባ። ኮራሉ ላይ ግን በፍጹም አትቁም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው።