ሐዋሳ ላይ የአካባቢ ማኅበር ልንጀምር ነው፣ ምን ትመክሩናላችሁ?

የታቦር ልጅ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ልናቋቁም ነው። ቆሻሻ ለቅሞ፣ ፎቶ ተነስቶ መበተን አልፈልግም። ዓሣ አጥማጁም፣ ተማሪውም፣ ሆቴል የሚሠራውም አብረው ሐይቁን እንዲያውቁትና እንዲወዱት ነው የምመኘው። ከየት እንጀምር?

ጀልባው፦ ከአጥማጆቹ ጀምሩ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ዳር ዳሩን ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፣ ያ ሲመነጠር ዓሣው ቦታ ያጣል፣ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል። ስለዚህ ልታስተምሯቸው ሳይሆን ልትጠይቋቸው ሂዱ። በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ በርቱ!

ሰናይት፦ ወንድሜ፣ ዳርቻውን ብቻ እንዳታዩ። ሐይቁ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የገባው ደለልና ፌስታል እዚያው ይቀራል። ክረምት ከበጋ የሚገባለት ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው፣ እሱም በጨለለቃ ረግረግ በኩል ነው የሚመጣው። ጨለለቃ ራሱ ድሮ ሐይቅ ነበር እኮ፣ ደለል ሞላው። ከላይ ያሉትን ገበሬዎች ካላሳተፋችሁ ልፋታችሁ ግማሽ ነው። እርከንና ችግኝ ላይ አብራችሁ ሥሩ።

የታቦር ልጅ፦ እህቴ አመሰግናለሁ፣ ይህን አላሰብንበትም ነበር። ልጆችስ?

ጀልባው፦ ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውሰዷቸው። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ በቅርብ ይዩ፣ የወፎቹን ስም አጥማጆቹ ይንገሯቸው። ምዝገባውን በተመለከተ የክልሉን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።