ቁራ ለአዳኝ ሌባ ነው ወይስ ጠቋሚ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ሥጋ በአንድ ዙር ተሸክሞ ማውጣት ካልተቻለ፣ ቁራ እንዳይነካው ምን ይደረግ? አንዳንዱ «ተኩሰህ ጣለው» ይላል።

መልስ፦ ኧረ እንዳትተኩስ! ቁራ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ወፍ ነው። ሥጋውን አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ከተህ አፉን ጥብቅ አድርገህ እሰር። ላስቲክ ሙቀቱን አፍኖ ያበላሸዋል። አውጥተህ ከጣልከው ሆድ ዕቃ 100 ሜትር ያህል አርቀህ፣ ጥላ ያለበት ግን ከሩቅ የሚታይ ቦታ ስቀለው።

መልስ፦ ሌባም ቢሆን ጥሩ ዘበኛ ነው። ስትመለስ ቁራዎቹ ዛፍ ላይ ሆነው እየጮሁ ወደ ሥጋው ካልወረዱ፣ ግሪዝሊ ድብ ቀድሞህ ሊሆን ይችላል። በርቀት ማያ መነጽር ሳታይ አትጠጋ።

መልስ፦ የእርሳስ ጥይት ተሰባብሮ ሆድ ዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ቁራም አብሮ ይውጠዋል። እዚያው ዋዮሚንግ ጃክሰን ሆል አካባቢ በአደን ወቅት የቁራዎች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ እንደሚጨምር ተለክቷል። የመዳብ ጥይት ይሻላል።