72 ሰዓቱ ከመቼ ይቆጠራል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከዚሁ ከጅማ የመጣ ነው። ሰሞኑን የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር የአባላት ዝርዝር በስህተት ሌላ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። ስም፣ ስልክ፣ ያልተከፈለ ብድር ሳይቀር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ እንዲህ ያለው ጥሰት በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይነገር ይላል። ለባንክም ለትንሽ ማህበርም እኩል 72 ሰዓት ተገቢ ነው? የሌላ አገር ሕግ የምታውቁ አምጡ። ስድብ የለም።

የሄርማታ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ተገቢ አይደለም። እኔም ማህበር ውስጥ ነው የምሠራው። ሦስት ሰው ነን። አንድ ላፕቶፕ አለን፤ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት የተፈጠረ ነገር የምናየው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቁጠሩት፣ 65 ሰዓት ሄደ። በቀረችው 7 ሰዓት ምን ልናደርግ ነው?

የሰርቨር ሰው፦ 72 ጠበበ ትላላችሁ? ሕንድ 6 ሰዓት ነው! እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው መመሪያ የሳይበር ጥቃት ያየ ድርጅት በ6 ሰዓት ውስጥ ሰርት-ኢን ለሚባለው የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያሳውቅ ይላል። ሎግ (ሲስተሙ ላይ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚይዘው መዝገብ) ደግሞ 180 ቀን ማስቀመጥ ግዴታ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ሎግ ማለት ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚሰረዝ ነገር ነው።

የአጂፕ ልጅ፦ 😂😂 እኛም ጋ እንደዛው።

ጠበቃው፦ ቁጥር ከቁጥር አታጋጩ። መጀመሪያ ሰዓቱ ከመቼ እንደሚነሳ ተመልከቱ። የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ 72 ሰዓት የሚለው ተቋሙ ጥሰቱን ካወቀበት ጀምሮ ነው፤ የእኛም የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነው። አሜሪካ በአክሲዮን ገበያ ለተመዘገቡ ኩባንያዎች 4 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ የሚቆጠረው ግን ኩባንያው «ጉዳዩ ከባድ ነው» ብሎ ከወሰነበት ቀን ነው። እስኪወስን ስንት ቀን እንደሚቀመጥ አስቡት። የሕንዱ 6 ሰዓት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ እሳት አደጋ እንደመጥራት ነው። የዳታ ጥሰት ማሳወቅ የተጎዳውን ሰው ለመጠበቅ ነው። እኛም ጋ ሁለት መንገድ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል ከሆነ በአዋጅ 958/2008 መሠረት አገልግሎት ሰጪና የመንግሥት ተቋም ለኢንሳ (ለመረጃ መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ) ወዲያው ያሳውቃል፣ ለፖሊስም ያመለክታል። «ወዲያው» ነው እንጂ 72 የሚባል ነገር የለውም።

ቡና ላኪው፦ እናንተ አዋጅ ታነባላችሁ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ውል ነው። አንድ የአውሮፓ ገዢ ባለፈው ከናሙናው ጋር ረጅም መጠይቅ ላከልኝ። የለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ዘግታችኋል? ባክአፕ የት ነው የሚቀመጠው? እኔ ስለ እርጥበት መጠን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

ጠበቃው፦ እሱ ኒስ ቱ ከሚባለው የአውሮፓ የሳይበር ደኅንነት ሕግ ሊሆን ይችላል። ምግብ የሚያመርቱና የሚያከፋፍሉ ትልልቅ ድርጅቶችም አሉበት። ዕቃ የሚያቀርቡላቸውን ድርጅቶች የሳይበር ደኅንነት እንዲያዩ ግዴታ አለባቸው። ራሳቸው በ24 ሰዓት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በ72 ሰዓት ሪፖርት፣ በወሩ የመጨረሻውን ያቀርባሉ። ስለዚህ ጫናው እየወረደ ጅማ ይደርሳል።

የሰርቨር ሰው፦ ግን ኒስ ቱ በአብዛኛው ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን ትንሽ ድርጅት ይተዋል። ለሒሳብ ሠራተኛዋ የሚሆን ሐሳብ ይኸው።

የአጂፕ ልጅ፦ እኔ በኬንያው ነው የምስማማው። ሰዓቱ 72 ነው፣ ለሁሉም። ቅጣቱ ላይ ግን እስከ 5 ሚሊዮን ሺሊንግ ወይም ከዓመታዊ ገቢ 1 በመቶ ይልና ከሁለቱ *ያነሰውን* ይወስዳል። ጂዲፒአር በከፍተኛው ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም 4 በመቶ ብሎ *የበለጠውን* ነው የሚያየው። በአንዲት ቃል ትንሹ ሰው ተረፈ። ሰዓቱን ለምን እንነካለን? ስልኩ የወጣበት አባል ማህበሩ ትንሽ ነው ብሎ አጭበርባሪ አይምረውም።

አስተባባሪ፦ ይቺን ወደድኳት። (አስተባባሪ ወገን አይዝም፣ አውቃለሁ።)

የሄርማታ ሒሳብ ሠራተኛ፦ እሺ፣ ቅጣቱ ይቀነስ፣ በሰዓቱ ልስማማ። እኛ ግን ያወቅነው ዛሬ ሰኞ ነው፣ ስለዚህ ገና ሦስት ቀን አለን ማለት ነው?

ጠበቃው፦ «እኛ» አልሽ? እህቴ፣ ቅዳሜ አንድ አባል ደውሎ «ስሜ ግሩፕ ላይ ወጣ» ብሎሽ ከሆነ ቅዳሜ አውቀሻል። ላፕቶፑን ሰኞ መክፈትሽ አያድንሽም።

የሄርማታ ሒሳብ ሠራተኛ፦ …ደውሎ ነበር።

ጠበቃው፦ ስንት ሰዓት ላይ?

የሄርማታ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ። ገበያ ላይ ነበርኩ።

ጠበቃው፦ እስከ ነገ 10 ሰዓት አለሽ። ኢንቦክስ ግቢ።