ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው፤ ነርስ ስለ ኢንፎርማቲክስ ምን ይወቅ?

ሲስተር ከጦሳ ሥር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ዙሪያ ባለ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርስ ነኝ። በቅርቡ ከወረቀት ካርድ ወደ ኤሌክትሮኒክ ትገባላችሁ ተብለናል። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ያው "እዚህ ተጫኑ፣ ይህን ክፈቱ" እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔ የምፈልገው መሠረቱን ነው።

የነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ የሚሉት የአይቲ ሰዎች ሥራ አይደለም ወይ? የወር ሪፖርታችንስ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም የሚለው ለምንድን ነው? ከመጀመራችን በፊት ዋርዱ ውስጥ ምን ብናስተካክል ይሻላል?

የሐይቁ መምህር

ሲስተር፣ የአይቲ ባለሙያ የሚጠራው ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው። ኢንፎርማቲክስ አልጋው አጠገብ የለካሽው ነገር በትክክል ተጽፎ፣ ለሚወስነው ሰው በሰዓቱ ደርሶ፣ ለታካሚዋ እስኪጠቅም ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ ይመለከታል። ግሬቭስና ኮርኮራን የሚባሉ የነርሲንግ ምሁራን በ1989 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር፣ የመረጃና የነርሲንግ ሳይንስ ጥምረት ብለው ደነገጉት፤ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ አድርጎ ተቀበለው። ሥራው ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት የሞቱትን ወታደሮች ሞት በየምክንያቱ ለይታ ባለሥልጣናቱን ያሳመነችው በወረቀት ላይ በሣለችው ቻርት ነው።

መማሪያዎቹ ጥሬ መረጃ፣ መረጃ፣ እውቀት፣ ጥበብ እያሉ ደረጃ ያወጡለታል። በቃል ሲነገር ደረቅ ነው፤ በአንዲት እናት እንየው። የደም ግፊት 160/110 ተለካ፤ ይህ ጥሬ መረጃ ነው። እርግዝናዋ 34 ሳምንት፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲታከልበት ቁጥሩ መናገር ይጀምራል፤ መረጃ ሆነ ማለት ነው። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) መሆኑንና እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት እንደሚያስፈልግ ማወቅ እውቀት ነው። ከዚያ ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠቷ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ 16 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩን፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ አለማነሱን አይታ "ይሰጥ" ወይም "ይቆይ" የምትለው ነርስ አራተኛውን ደረጃ፣ ጥበቡን፣ ሠራችው።

አሁን ካርዱ ላይ "ቫይታል ሳይን ተወስዷል፣ ደህና ናት" ብቻ ቢጻፍ ከዚህ ሁሉ የተረፈ ነገር የለም። ኮምፒውተርም ያልተጻፈን አያወጣም። ስለዚህ ሲስተሙ ሳይመጣ ከአሁኑ ቁጥሩን፣ መለኪያውን፣ ሰዓቱንና የለካውን ሰው ሳያጎድሉ የመጻፍ ልማድ ያዙ። በነፃ የሚጻፈው ማስታወሻ ለታሪክ ይሁን፤ ተቆጥሮ ወይም ተነጻጽሮ የሚፈለገው ነገር ግን የራሱ ሳጥን ይኑረው። ቅጹ ሲዘጋጅ ነርሶች ከሌሉበት ሳጥኖቹን ሐኪሙና ፋይናንሱ ይሞሏቸዋል፤ የሽንት መጠን የምትጽፉበት ቦታ ፍለጋ ትቀራላችሁ።

የሪፖርት ክፍል ሰው፣ ኮምቦልቻ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰደው። መዝገብና ሪፖርት የማይገጥሙበት የመጀመሪያው ምክንያት የቀን ወሰን ነው። የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓቱ) የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። የጥቅምት ሪፖርት ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 የተሰጠው አገልግሎት ነው። አንዱ ከ1 እስከ 30 ሲቆጥር ሌላው ከ21 እስከ 20 ከቆጠረ በፍጹም አይገጥምም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየወሩ 20 ማታ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምሩና ከሥሩ ድምሩን ጻፉ።

እግረ መንገዴን፣ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ስለሚጀምር ጳጉሜንን ጠቅልሎ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። በመስከረም "ታካሚ ጨመረ" ብሎ ስብሰባ ላይ ከመገረም በፊት በቀን አካፍሎ ማየት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ታሊው፣ ማለትም አገልግሎቱን በጭረት የምንቆጥርበት ወረቀት ነው። ታሊ አገልግሎቱ እንደተሰጠ ወዲያው ካልተመታ፣ በወሩ መጨረሻ ከመዝገብ እየተገለበጠ ይሞላል፤ ያኔ ገጽ ይዘለላል፣ ተመላላሹ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ሦስተኛው ባዶ ሳጥን ነው። ዜሮ ማለት "አይተናል፣ የለም" ነው፤ ባዶ ማለት "አላየንም" ነው። ሪፖርቱ በሚገባበት ሶፍትዌር፣ በዲኤችአይኤስ2 ላይ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ያልተከሰተው ነገር ዜሮ ይጻፍበት፤ አገልግሎቱ ጭራሽ የማይሰጥ ከሆነ ግን ዜሮ አይደርደርበት።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ሰዓት የማይፈጅ ፍተሻ አለ። ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ነጥቦች በዕጣ ምረጡ፤ ደስ ያሏችሁን አይደለም፣ በዕጣ። እያንዳንዱን ከመዝገቡ እንደ አዲስ ቁጠሩና ከሪፖርቱ ጎን አስቀምጡት። ስንቱ ገጠመ? ያልገጠመውን ብቻ አርማችሁ አትለፉ፤ የየትኛው መዝገብ ቁጥር ደጋግሞ እንደሚሳሳት ለአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ አቅርቡት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከአንድ ወይም ከሁለት መዝገብ ነው የሚወጣው።

ሌላው መፈተሻ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማጋጨት ነው። ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ከሚሰጠው የሕፃናት ክትባት፣ ከፔንታ፣ የመጀመሪያውን (ፔንታ 1) የወሰዱ 40፣ ፔንታ 3 የወሰዱ 34 ቢሆኑ ማቋረጡ 6 ለ40፣ ማለትም 15 በመቶ ነው፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ጠፍተው የቀሩትን ሕፃናት መፈለግ ያስፈልጋል። ፔንታ 3 ከፔንታ 1 በልጦ በተከታታይ ወራት ከመጣ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው ሕፃን ሳይሆን ወረቀት ነው። ቀበሌ ወርዶ የተከተበበት የዘመቻ ታሊ ቦርሳ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ማታ ተረኛ

የላይኞቹ ጥሩ ብለዋል። አንድ ነገር ግን ልቃወም፦ ለሁሉም ነገር ሳጥን ይኑር፣ ሳጥኑም ካልተሞላ አያሳልፍ ከተባለ የሐሰት ቁጥር ይፈለፈላል። የየትኛውንም ዋርድ ቫይታል ሳይን ገልጣችሁ እዩ፤ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው፣ ደም ግፊቱም ሁሌ በዜሮ ያልቃል። በኮምፒውተርም ያው ይቀጥላል፤ ልዩነቱ አምሮ መታየቱ ነው። ግዴታ የሚሆኑት ሳጥኖች ጥቂት ይሁኑ፤ ትንፋሽም በሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ ይጻፍ። ማስጠንቀቂያ እያሉ በየደቂቃው ብቅ የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ ከበዙ እጅ ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል፣ የፔኒሲሊን አለርጂውም አብሮ ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ግን እኛ አገር የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው፤ ሰዓትና ስም።

ሰዓት፦ ሲስተሙ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፣ እኛ ከንጋት። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ በየ12 ሰዓቱ ታዞ ጠዋት ተሰጠና ነርሷ "2:00" ብላ ሞላች እንበል። ጠዋት 2:00 በሲስተሙ 08:00 ነው፤ ማታ 2:00 ደግሞ 20:00። እሷ 02:00 ካስገባች ሲስተሙ ቀጣዩን ዶዝ 14:00 ላይ ማለትም ከቀኑ 8:00 ይጠራል፤ መድኃኒቱ በ6 ሰዓት ልዩነት ተደገመ ማለት ነው። ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ከሌሊቱ 7:30 የተወለደ ሕፃን በሲስተሙ 01:30 ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል። እኛ ግን "የትናንት ማታ ወሊድ" ብለን በትናንቱ ቀን እንመዘግባለን። የቀን 20 ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱ ወር ይሻገራል። መቀየሪያ ሰንጠረዥ አትማችሁ ከመድኃኒት ጋሪው ላይ ለጥፉ፤ ወረቀት ላይም "ጠዋት"፣ "ማታ" ሳይባል ሰዓት አይጻፍ።

ዓመተ ምሕረቱም አለ። በ2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጅ አቆጣጠር ሳጥን ውስጥ 2015 ተብሎ ከገባ 7 ወይም 8 ዓመት ተጨምሮበት ይወጣል። የእድገት ቻርቱ፣ ክትባቱ፣ በዕድሜ የሚሰላው ሁሉ ይበላሻል። ሳጥኑ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠብቅ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ዕድሜው ሲወጣ ደግሞ ታካሚውን ቀና ብሎ ማየት ነው።

ስም፦ ሀሰን፣ ሐሰን፣ ሃሰን ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ሰይድም ሠይድም ያው። በላቲን ፊደል ከተጻፈማ አጻጻፉ እንደ ጸሐፊው ነው። ወሎ ላይ ሰይድ መሐመድ፣ መሐመድ አሊ የሚባል ሰው በየቀበሌው ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ በካርድ ቁጥር ፈልጉ፤ ካልተገኘ በስልክ፤ ከዚያ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ከነቀበሌው። ሦስቱንም አጻጻፍ ሳትሞክሩ አዲስ ካርድ አትክፈቱ፤ ሁለት ካርድ ያለው ሰው አለርጂው በአንዱ፣ መድኃኒቱ በሌላው ይቀራል።

አራስ ልጅ ስም ሳይወጣለት ይገባል፤ "የእገሊት ልጅ" ተብሎ፣ መንታ ከሆኑ ሀ እና ለ ተብለው። በሰባተኛው ቀንም ይሁን በክርስትናው ስም ሲወጣለት ያው ካርድ ላይ ስሙ ይታረማል እንጂ ሌላ አይከፈትም።

ሲስተር ከጦሳ ሥር

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። መብራት ሲጠፋስ? ደግሞ "ለጊዜው በወረቀትም በኮምፒውተርም መዝግቡ" ተብለናል፤ እንዴት ይቻላል?

የሪፖርት ክፍል ሰው፣ ኮምቦልቻ

ሁለቱም ላይ መመዝገብ መጨረሻው ካልታወቀ ሁለቱም ይሞታሉ፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ ሆኖ የትኛው እውነት እንደሆነ ይጠፋል። በጽሑፍ ጠይቁ፦ እስከ መቼ? ሲለያዩስ የሚታመነው የትኛው ነው? ክፍል በክፍል መሸጋገር ሁሉንም በአንድ ቀን ከመጀመር ይሻላል።

ለመብራቱ፣ ዩፒኤስ (የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ) ለመዝጊያ ያህል ደቂቃዎች እንጂ ለሌሊት አይበቃም። በየዋርዱ ባዶ የቫይታል ሳይንና የመድኃኒት ቅጽ በፋይል ይቀመጥ፤ በየተራው ርክክብም የታካሚዎች ዝርዝር ይታተም። መብራት ሲመጣ የሚገባው አገልግሎቱ የተሰጠበት ሰዓት ነው፣ የተተየበበት አይደለም። መጠባበቂያ ቅጂውም ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ይኑር፤ በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ኮምፒውተሩም አብሮ ነው የሄደው።

የሐይቁ መምህር

አንድ ልጨምር። የይለፍ ቃል አትዋዋሱ። ሲስተሙ ማን ምን ሰዓት ምን እንደጻፈ ይይዛል፤ በስምሽ ገብታ ሌላ ሰው የሰጠችው መድኃኒት ያንቺ ሆኖ ይቀራል። የካርድ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ማማከርም ይቅር፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናን መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። ማማከር ግድ ከሆነ ስም፣ ካርድ ቁጥርና ፊት ሳይታይ ይሁን።

መማር ከፈለግሽ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ጎንደርም የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍል አላቸው። ለጊዜው ግን ኤክሴል ላይ መደርደር፣ ማጣራትና የፒቮት (ማጠቃለያ) ሰንጠረዥ መሥራት ልመጂ፤ የዋርድሽን የሦስት ወር መዝገብ አስገብተሽ ስትጀምሪ የጎደለው ሳጥን የትኛው እንደሆነ ራስሽ ታዪዋለሽ።