ጥቆማ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ ጠይቆ የሚመረምር የቆዳ ሐኪም የት አለ?

የሳሪስ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ። እናቴ ክንዷና ወገቧ ላይ ሽፍታ ከወጣባት ቆይቷል። የሄድንባቸው ክሊኒኮች ከወንበራቸው ሳይነሱ ቅባት ጽፈው ይሸኙናል። መቼ ጀመረ፣ ምን ተቀባች ብሎ የጠየቀ የለም። አለርት ሆስፒታል ልውሰዳት ወይስ የግል? ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሐኪም የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ሀኒ፦ የግል እንዳትሞክሩ! አንገቴ ላይ ክብ ሽፍታ ወጥቶብኝ ሄድኩ፣ ሐኪሙ ስልኩን እየነካካ ማሳከክ የሚያስታግስ የስቴሮይድ ቅባት ጻፈልኝ። መጀመሪያ ማሳከኩ ጠፋ፣ ዳንኩ ብዬ እልል አልኩ። ስተወው ብሶበት ተመለሰ፣ ክብ ቅርጹም ጠፍቶ ደረቴ ድረስ ወረደ። ሌላ ጋ ስሄድ ቆዳዬን ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩት፣ ለካ ፈንገስ ነው። ብሩ አይደለም የሚያናድደኝ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ቢጠይቀኝ ኖሮ!

ማሜ፦ የቱ ክሊኒክ ነው? ስሙን ጥሪልን።

ሀኒ፦ ስም መጥራቱ ይቅርብኝ።

ጋሽ ተካ፦ እኔ ቤተሰቤን በሙሉ የማሳየው ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ያልፈወሰው ቆዳ የለም።

ማሜ፦ በቃ አለርት ይዘጋና ሁላችንም እዚያ እንሰለፋ ጋሼ!

ሲስተር ኤም፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ነበር፣ አሁን ግን ሌላውም የቆዳ ችግር ይታይበታል። በጠዋት ሂዱ። የትም ብትሄዱ ግን ሐኪሙ ባይጠይቅም እናንተ ንገሩት። የት ጀመረ፣ እንዴት ተዛመተ፣ ቀን ነው ሌሊት የሚያሳክካት፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ ወይ፣ የምትውጠው መድኃኒት፣ የተቀባችው ሁሉ፣ ቅጠልም ቢሆን። የቅባቶቹን ቱቦ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሲብስባት ፎቶ አንሱት፣ በቀጠሮው ቀን ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሙም ቀርቦ ዳስሶ ማየት አለበት፦ ዝርግ ነው ወይስ ያበጠ፣ ውሃ ቋጥሯል ወይስ መግል፣ ይቀረፋል ወይ፣ ጠርዙስ ይለያል? በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም፣ ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ነው የሚወጣው። ስላልቀላ ቀላል ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ነጣ ብሎ ሲነኩት የማይሰማት ቦታ ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ፣ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ወሎዬው፦ ደሴ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለላችሁ። ለቆዳ የቆየ ስም አለው።

ቲጂ፦ ለማድያትስ ምን ይሻላል? ክሬም ልገዛ ነበር።

የሳሪስ ልጅ፦ ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሌሊት ነው የሚብስባት። የእህቴ ልጅም ጣቶቹን መሃል መሃሉን ማከክ ጀምሯል።

ሲስተር ኤም፦ እሱንም አብራችሁ ውሰዱት። እከክ ከሆነ የማያሳክከውም ጭምር ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ነው የሚታከመው፣ አለበለዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ልብስና አንሶላውም በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

ጋሽ ተካ፦ የእከክ ቅባት እኛ ፋርማሲ አለ። እኔን ጠቅሰው ቢሄዱ ልጁ ያስተናግዳቸዋል።

ሀኒ፦ መጀመሪያ ይታዩ ጋሼ፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይቀባም! ቲጂ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት የሚያነጣ ክሬም እንዳትነኪ። ሜርኩሪ ያለበት አለ፣ ኩላሊት ይጎዳል። ለጊዜው የፀሐይ መከላከያ ተቀቢና የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።