የድሮ ክሊፕ አርት እያፈረሱ ኢንክስኬፕ መማር፦ ከየት ይጀመራል?

ፒያሳ ስቲከር (ደሴ)
ሰላም ጀማው። ባነርና ስቲከር ቤት የሚሠራ ልጅ ኢንክስኬፕ (በኮምፒውተር ስዕል መሥሪያ ፕሮግራም) እየጀመረ ነው። ባዶ ገጽ ላይ ከሚፋጠጥ የድሮ ሲዲ ላይ ያሉትን ክሊፕ አርቶች (ተዘጋጅተው የሚመጡ ስዕሎች) እየለዋወጠ ቢለማመድ ይሻላል ብለናል። ፋይሎቹ በብዛት ደብሊው ኤም ኤፍ (የድሮ የዊንዶውስ የስዕል ፎርማት) ናቸው። ሦስት ነገር አስቸግሯል፦ አንድ ቁራጭ ሲነካ ስዕሉ ሙሉውን ይነሳል፤ ጥቁሩን መስመር ማቅጠን አልተቻለም፤ ክብ የነበረው ሲጎላ ማዕዘን ማዕዘን ይሆናል፣ ኖዱ (የቅርጹ ዳር የሚያያዝባቸው ነጥቦች) ደግሞ እንደ ጤፍ ነው። ለመለማመጃስ ምን ዓይነት ስዕል ይመረጥ?

ኮምቦልቻ ፕሎተር
አብሽር፣ ሦስቱም የፋይሉ ጠባይ ናቸው።

ሙሉው የሚነሳው ግሩፕ (አንድ ላይ የታሰረ) ስለሆነ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ጂ ተጭኖ ይበትነው። ግሩፕ ውስጥ ሌላ ግሩፕ ስለሚኖር፣ ከታች ያለው ጽሑፍ ግሩፕ ማለቱን እስኪተው ይደገም። ሳይበትኑ አንዱን ብቻ ለመያዝ ኮንትሮል ይዞ ክሊክ ማድረግ ይበቃል። የተሸፈነውን ለማግኘት ደግሞ አልት ይዞ።

መስመሩ የማይቀጥነው መስመር ስላልሆነ ነው። የድሮ ክሊፕ አርት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሥር የዕቃውን ሙሉ ቅርጽ በጥቁር አንጥፎ፣ ከላዩ ትንሽ ያነሱ ባለቀለም ቁርጥራጮችን በመደርደር ነው። በመሃል የተረፈው ጥቁር ለዓይን መስመር ይመስላል። ስለዚህ ስትሮክ (የዳር መስመር ውፍረት) ላይ ቁጥር መለወጥ አዲስ መስመር ይጨምራል እንጂ ያንን አያቀጥነውም። ቪው ከሚለው ሜኑ ዲስፕሌይ ሞድን አውትላይን አድርጎ ያየው፤ አደራደሩ ወዲያው ይገባዋል።

ማዕዘኑ ከፎርማቱ ነው። ደብሊው ኤም ኤፍ የቤዚየር ኩርባ አያውቅም፤ የተጠማዘዘውን ሁሉ በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይቆራርጠዋል። ቅርጹን መርጦ ኮንትሮል እና ኤል ቢጫን ሲምፕሊፋይ ያደርግለታል፣ ማለትም ኖዱን ይቀንስለታል።

ሸዋበር
በኮንትሮል ኤል ላይ አልስማማም፣ ቢያንስ ለተማሪ። ሹል የነበረውን ጫፍ ሁሉ ያድቦለቡላል። በላይ በላይ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት ኃይሉ ይጨምራል፤ ኖድ የሚቀንስበትም መጠን በተመረጠው ነገር ስፋት ስለሚወሰን፣ ትንሿን ቅጠል ከትልቁ ግንድ ጋር አንድ ላይ መርጦ ቢጫን ቅጠሏ ትጠፋለች። ከተጠቀመም አንድ ቅርጽ ብቻ ይምረጥ፣ አንዴ ብቻ ይጫን።

ትምህርቱ ያለው በእጅ ሲሠራ ነው። የኖድ መሣሪያውን ኤን ብሎ ያውጣ፣ የአንዱን ኩርባ ኖዶች ይምረጥ፣ ሺፍት እና ዩ ብሎ መስመሮቹን ወደ ኩርባ ይለውጥ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ትቶ መሃሎቹን በዲሊት ያጥፋ። ኮንትሮል ይዞ ዲሊት ካለ ቅርጹን ለመጠበቅ አይሞክርም፣ ይበላሽበታል። የቀሩትን በሺፍት ኤስ ያለስልስ፤ ሹል መሆን ያለበትን በሺፍት ሲ። ለሙሉ ክብ 4 ኖድ ይበቃል። ከታች የኖዱ ብዛት ስለሚጻፍ ከማጥፋቱ በፊትና በኋላ ያወዳድር።

ለመለማመጃ ሰውና እንስሳ ይቅርበት፣ ፊት በትንሽ ስህተት ይበላሻል። እጀታ ያለው ጆግ ይፈልግና ወደ ጀበና ይለውጠው። ነጸብራቁንና ጌጡን አጥፍቶ የጆጉን ግማሽ ብቻ ያስቀር፦ ከንፈር፣ የአንገት ሥር፣ የሆድ ሰፊው ቦታ፣ ቂጥ፤ አራት አምስት ኖድ ነው። በኮንትሮል ዲ አባዝቶ በኤች ይገልብጥ፣ ሁለቱን ግማሾች ጥቂት አደራርቦ በኮንትሮል እና ፕላስ ያዋህድ። ሳይደራረቡ ጫፍ ለጫፍ ከገጠሙ መሃል ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል፣ በስክሪን ላይታይም ይችላል፣ ሲታተም ግን ይታያል። እጀታውን በአንድ ወፍራም መስመር ይሳል፣ በኮንትሮል አልት ሲ ወደ ቅርጽ ይለውጠውና ያዋህደው። ጥቁሩን ዙሪያ ለመመለስ፦ ያባዛ፣ ፓዝ ከሚለው ሜኑ አውትሴት (ቅርጹን ወደ ውጭ ማስፋት) ይበል፣ ጥቁር ይቀባ፣ ኤንድ ተጭኖ ወደ ሥር ያውርድ። ማቶቱን ከኤሊፕስ ይሥራ፣ ያ ቀላል ነው።

ፒያሳ ስቲከር (ደሴ)
ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይጀምራል። አንድ ልጨምር፦ ከእነዚህ ስዕሎች አንዱን ለባጃጅ ስቲከር ፕሎተር (ቪኒል በምላጭ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ ስናወጣ ምላጩ አንዱን ቦታ ሁለቴ ይቆርጣል፣ ትናንሾቹ ቁርጥራጮችም ተላቀው ይነሳሉ።

ኮምቦልቻ ፕሎተር
ያው የተደራረበው ነው። ፕሎተር የሚያየው የቅርጹን ዳር እንጂ ቀለሙን ስላልሆነ፣ የተሸፈነውንም ዳር ይቆርጣል። ነጭ የሚመስለው ክፍል ቀዳዳ ሳይሆን ከላይ የተለጠፈ ነጭ ቅርጽ ነው፤ ነጩንና ከሥሩ ያለውን ጥቁር መርጣችሁ በኮንትሮል እና ማይነስ ብትቀንሱ እውነተኛ ቀዳዳ ይሆናል። አንድ ቀለም ያላቸውን ተነካኪ ቅርጾች አዋህዱ። ኖድ ሲበዛም ምላጩ በየነጥቡ ስለሚንቀጠቀጥ ቪኒሉን ይቦጭቃል፤ የሸዋበር ምክር እዚህ ጋ ትክክል ነው፣ ኮንትሮል ኤሉን ትቻለሁ። የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ከመላካችሁ በፊት በሺፍት ኮንትሮል ሲ ወደ ቅርጽ ለውጡት፣ ፎንቱ እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ሊታረም የሚችለውን ኮፒ ግን ለብቻው አስቀምጡ።

ሸዋበር
ለደንበኛ ሎጎ ግን እንደዚህ ዓይነት ስዕል አትስጡ። ሲዲው የሁሉም ቤት ስላለ ያው ጆግ ሌላ ቡና ቤት በር ላይ ይገኛል፤ የአብዛኞቹ ሲዲዎች ፈቃድም ለንግድ ምልክት መጠቀምን ይከለክላል። ለመለማመጃ ከኦፕን ክሊፕ አርት የሚወርደው ይሻላል፣ ለማንም ነጻ ነው፣ ፎርማቱም ኤስ ቪ ጂ ስለሆነ ኩርባው ከነኖዱ ይመጣል።