ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ ፒችትሪ ሰርቨሩን አላገኝም አለ (ጅማ)

የመጋዘን ሒሳብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሯችን ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ነው። ሦስት ኮምፒውተር አለን። አንደኛው አሮጌ ዊንዶውስ 7 ነው። የሒሳብ ፕሮግራማችን የፒችትሪ 2010 ዳታ የተቀመጠው እሱ ላይ ስለሆነ ሰርቨር እንለዋለን። በሌሎቹ ሁለቱ እኔና ገንዘብ ያዧ እንሠራባቸዋለን። ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ ነው የቆየው።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል ተብሎ የእኔና የገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ተጫነ። ሰርቨሩ አዲሱን አይችልም ተብሎ እንዳለ ቀረ። በማግስቱ ገብተን ፒችትሪን ብንከፍት የሰርቨሩን ዳታ ፎልደር የምናገኝበት ዜድ ድራይቭ የለም። ሰርቨሩን በስሙ ፈልጌ ልገባ ስል፣ የድርጅታችሁ የደህንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ ከልክሏል የሚል መልእክት መጣ። ግራ ገባኝ። እኛ ቢሮ ስለ ኮምፒውተር ፖሊሲ ያወጣ ሰው የለም።

ጊዜው ደግሞ የባሰ ነው። ከማናና ከጎማ እሸት ቡና በየቀኑ ይገባል። ገበሬው ገንዘቡን ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ክፍያውን በእጅ ቫውቸር እየጻፍን ነው፣ ክምሩ ግን እየጨመረ ነው። አንዱ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን አሮጌ ፕሮቶኮል፣ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበትን ዘዴ፣ ክፈቱ ይላል። ሌላው ወደ ዊንዶውስ 10 መልሱት ይላል። አለቃዬ ደግሞ ዳታውን ወደየኮምፒውተራችን ገልብጠን ለየብቻ እንሥራና በኋላ እናዋህደዋለን እያለ ነው። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የኮጪ ልጅ፦

ቀላል ነው። ኮንትሮል ፓናል ግቢ፣ ፕሮግራምስ፣ ከዚያ ዊንዶውስ ፊቸርስ። ኤስኤምቢ 1.0 የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ፋየርዎሉን አጥፊው። ሪስታርት። አለቀ።

መንደራ ጥገና፦

አብሽሪ እህቴ፣ ዳታሽ አልጠፋም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ። የአለቃሽን ሐሳብ ዛሬውኑ አስቁሚው። ፒችትሪ ሁለት ቦታ ለየብቻ የተሠራን ሒሳብ መልሶ አንድ አያደርግም። ሁለታችሁም በየፊናችሁ የክፍያ ቫውቸር ብታስገቡ፣ በወሩ መጨረሻ አንዳችሁ የሠራችሁትን ሁሉ እንደገና መጻፍ ይኖርባችኋል። በእጅ መጻፉ ይሻላል። እስኪስተካከል ሥራው ካልቆመ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒችትሪ ራሱ ይከፈታል፣ አንዳችሁ እዚያ ቁጭ ብላችሁ አስገቡ።

የኮጪ ልጅ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ዊንዶውስ 7 ኤስኤምቢ 2.1 ይችላል። ኤስኤምቢ 1ን ብቻ የሚያውቁት ዊንዶውስ ኤክስፒና ሰርቨር 2003ን የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ እሷ ጋ ኤስኤምቢ 1ን መክፈት ምንም አይፈታም፣ ጉዳት ግን አለው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ በአሮጌው ፕሮቶኮል ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር፣ ያልጫኑት ተመቱ። አንድ ኮምፒውተር ከተያዘ በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይከተላሉ፣ ፋይላቸው ይቆለፋል፣ ቤዛ ይጠየቃል። የአንድ ቡና አቅራቢ የዓመት ሒሳብ እንዲህ ሲቆለፍ ምን እንደሚከተል አስቡት። ፋየርዎሉን ማጥፋት ደግሞ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ በር እንደመንቀል ነው።

አሁን ወደ መልእክቱ እንምጣ። ያስደነገጠሽ ያ መልእክት ለእኔ ጥሩ ዜና ነው። ሰርቨሩ ጋ ደርሰሻል ማለት ነው። ሽቦው ደህና ነው፣ አድራሻው ደህና ነው፣ የሰርቨሩ ፋየርዎል ለፋይል ማጋሪያው ክፍት ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ኖሮ ሰርቨሩን አላገኘሁትም ይልሽ ነበር እንጂ ስለ እንግዳ አያወራም።

የሆነው ይህ ነው። ሰርቨራችሁ ላይ ሼሩ፣ ማለትም ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የተጋራው ፎልደር፣ ያለ ይለፍ ቃል ነው የተከፈተው። ብዙ ቢሮ እንደዚያ ነው፣ ሲገጠም ስለሚቀል። የአንቺ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ የሚገባው በእንግዳ ስም ነበር። የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ስሪት ደግሞ ሁለት ነገር ለወጠ። በእንግዳ ስም መግባትን ከለከለ። የሚላላከው ነገር ሁሉ ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረውም ግድ አደረገ። እንግዳ ይለፍ ቃል ስለሌለው መፈረም አይችልም። ፖሊሲ የተባለው የእናንተ ሰው ያወጣው አይደለም፣ ከዊንዶውሱ ጋር የመጣ ነው።

ስለዚህ ክልከላውን ከማንሳት ይልቅ እንግድነቱን አስቀሪው። መጀመሪያ የድርጅቱን ዳታ ፎልደር ሙሉውን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ፒችትሪ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሳይከፈት ይሁን። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ በኮንትሮል ፓናል አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሪ፣ ለምሳሌ «ሒሳብ» በሚል ስም፣ ግን በላቲን ፊደል ይጻፍ። ጠንከር ያለ ይለፍ ቃል ስጪው። የዳታው ፎልደር ላይ በቀኝ ተጭነሽ ፕሮፐርቲስ ግቢ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፈቃድ የሚሰጠው ሁለት ቦታ ነው፣ ሼሪንግ የሚለው ውስጥም ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥም። በሁለቱም ለአዲሱ ተጠቃሚ የመጻፍ ፈቃድ ካልሰጠሽው ፎልደሩ ይታይሻል፣ ፒችትሪ ግን አይከፍትም። ኤቭሪዋን የሚለውን ከሁለቱም አውጪው። ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ የሚለውንም አብሪው።

ወደ አንቺ ኮምፒውተር ስትመለሺ ክሬደንሻል ማናጀር ክፈቺና ዊንዶውስ ክሬደንሻል ጨምሪ። መጀመሪያ የሰርቨሩ ስም፣ ቀጥሎ የተጠቃሚው ስም፣ ከዚያ ይለፍ ቃሉ ይገባል። የተጠቃሚውን ስም ስትጽፊ ከፊቱ የሰርቨሩን ስምና ወደ ኋላ የተጋደመውን ስላሽ አስቀድሚ። ያለዚያ ዊንዶውስ 11 ተጠቃሚውን ራሱ ውስጥ ይፈልገዋል። ከዚያ ዜድ ድራይቭን እንደ ድሮው ማፕ አድርጊ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ፎልደር ጋር አገናኚው። ሰርቨሩ ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ባይታይሽ አትጨነቂ፣ ስሙን ራስሽ ጻፊው። ያ ዝርዝር ድሮ ከኤስኤምቢ 1 ጋር በሚሠራ አገልግሎት ነበር የሚሞላው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የጅማን መብራት ለሚያውቅ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻ እንደ አዲስ ያድላል፣ የሰርቨሩ አድራሻ ሊቀየር ይችላል። ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ስጡት። 192.168.1.50 ይሁን ካላችሁ፣ ራውተሩ ያንኑ ለሌላ እንዳይሰጥ ከሚያድለው ውስጥ አውጡት።

የመጋዘን ሒሳብ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ዜድ ድራይቭ መጣ! ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይል መጻፍም ይችላል። የገንዘብ ያዧም እንደዚሁ። አለቃዬንም አስቆምኩት።

ፒችትሪ ግን አሁንም እምቢ ብሏል። ዳታቤዙን፣ ፐርቬሲቭን፣ ማስነሳት አልቻልኩም ይላል። አንድ ጓደኛዬ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ክፈቺው አለኝ። እንደዚያ ስከፍተው ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ነገር ግን ድርጅቱን ምረጪ ሲለኝ ዜድ ድራይቭ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፋይል ማናጀር ላይ ግን ይታያል። እንዴት ነው ነገሩ?

መንደራ ጥገና፦

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አንድ በአንድ እንያቸው።

ስለ ድራይቩ። ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲከፈት ዊንዶውስ እንደ ሌላ ሰው ነው የሚያየው። አንቺ ማፕ ያደረግሽው ድራይቭ ለዚያ ሰው አልተሰጠም። ስለዚህ አይታየውም። በአስተዳዳሪ መክፈቱን ተዪው። ፒችትሪ አስተዳዳሪ የፈለገው ምናልባት የራሱ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ስላልተፈቀደለት ነው። አንቺ ኮምፒውተር ላይ ፒችትሪ የተጫነበትን ፎልደር በሴኩሪቲ በኩል ለተራ ተጠቃሚ የመጻፍ ፈቃድ ስጪው።

ስለ ፐርቬሲቭ። ፒችትሪ ዳታውን ራሱ አያነብም፣ ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር ያነብለታል። ይህ ሞተር በየኮምፒውተሩ አለ። ሰርቪስስ የሚለውን ከፍተሽ ፐርቬሲቭ ፒኤስኪውኤል ወርክግሩፕ ኢንጅን የሚለውን ፈልጊ። ቆሞ ከሆነ አስነሺው። አነሳሱን ደግሞ አውቶማቲክ ዲሌይድ ስታርት አድርጊው። ዊንዶውስ 11 ሲነሳ ኔትወርኩ ሳይደርስ ሞተሩ ቀድሞ ተነስቶ ሊወድቅ ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ግን ሲጫን ተዘሏል፣ ፒችትሪን ከነፐርቬሲቩ አራግፈሽ ከዋናው ሲዲ እንደገና መጫን ነው።

ያንቺ ሞተር የሰርቨሩን ሞተር በፖርት፣ ማለትም በኔትወርክ በር ቁጥር፣ 3351 እና 1583 ነው የሚያገኘው። ፓወርሼል ከፍተሽ በቴስት ኔትኮኔክሽን ትእዛዝ የሰርቨሩን ስምና 3351ን ስጪው። ትሩ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ፎልስ ካለ ሰርቨሩ ላይ ፋየርዎል ውስጥ ለሁለቱ ፖርቶች ኢንባውንድ ሩል (የመግቢያ ፈቃድ) ጨምሪ፣ ለውስጥ ኔትወርካችሁ ብቻ። ዊንዶውስ 7 ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ይዞት እንደሆነም እዪ፣ ወርክ መሆን አለበት። ፖርቱ ተዘግቶ ፎልደሩ ብቻ ሲከፈት የምፈራው አንዱ ሞተር ሌላውን ሳያይ ሁለቱም ፋይሉን እንዳይነኩ ነው።

የመጋዘን ሒሳብ፦

ሰርቪሱ ቆሞ ነበር። አስነሳሁት፣ የሰርቨሩ ፋየርዎል ላይም ሁለቱን ፖርቶች ከፈትኩ። አሁን እኔም ገንዘብ ያዧም በአንድ ጊዜ ገብተናል። የተከመረውን ቫውቸር እያስገባን ነው። ውለታህ አይረሳም።

የሚዛን ቤት፦

ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅ። እኛ ጋ የመኪና ሚዛኑ ፕሮግራም ኤክስፒ ላይ ነው። ሌላ ላይ አይሠራም፣ የሸጠልንም ሰው የለም። የየቀኑን ክብደት በጽሑፍ ፋይል አድርጎ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ሼር ላይ ይጥል ነበር። የቢሮው ዊንዶውስ 11 ሆነና ቆመ። ለእኔስ ኤስኤምቢ 1 ግድ አይሆንም?

መንደራ ጥገና፦

አንተ ጋ ጉዳዩ እውነትም ኤስኤምቢ 1 ነው፣ ኤክስፒ ሌላ አያውቅም። ቢሆንም የቢሮውን ኮምፒውተር አትክፈትበት። የምትፈልገው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ማሻገር ብቻ ነው። ለዚያ ኤፍቲፒ የሚባለው የፋይል መላኪያ ዘዴ ይበቃል፣ ኤክስፒ ውስጥ ትእዛዙ አብሮት አለ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ላይ ከዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ኤፍቲፒ ሰርቨርን አብራ። አንድ ፎልደር ብቻ የሚያይ ተጠቃሚ ፍጠርለት፣ ይለፍ ቃሉ ሌላ ቦታ የማትጠቀምበት ይሁን። ኤፍቲፒ ይለፍ ቃልን ሳይሸፍን ነውና የሚልከው። ፋየርዎሉ ላይ የሚዛኑን ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ አስገባ። ከዚያ ኤክስፒው ላይ ፋይሉን የሚልክ ትንሽ ባች (የትእዛዝ ፋይል) ጽፈህ በስኬጁልድ ታስክ ማታ ማታ እንዲሄድ አድርግ።

ኤክስፒው ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ወደ ውጭ መውጫውን፣ ጌትዌይ የሚለውን፣ ባዶ አድርግለት። ሚዛኑ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ ስለተላከ አይጥፋ፣ ቢሮ ያሉት ከወረቀቱ ጋር አመሳክረው እስኪጨርሱ ይቆይ።